ዘንድሮም ሳልታመም ቀረሁ

የጤና መድን መዋጮ ሰብሳቢ በር ሲያንኳኳ ሰፈራችን ውስጥ የታመመ ሰው አይገኝም። ማታ "ወገቤን! ወገቤን!" ሲል በግድግዳው የሰማነው ጎረቤት እንኳ ጠዋት ቀጥ ብሎ ይቆምና "እኛ ቤት ተመስገን ነው፣ ጉንፋንም አያውቀን" ይላል። መዋጮው ስሙ ብቻ እንዲህ ከፈወሰ፣ ሐኪሙ ለምን ይልፋ?

የከፈሉትም ብዙ አይሻሉም። አንዷ ወዳጄ ዓመቱን በጤና ከርማ፣ መታደሻው ሲደርስ "ብሬ የውሃ ሽታ ሊሆን ነው" ብላ ጨጓራዋን መጠርጠር ጀመረች። ጤና ጣቢያ ተሰልፋ፣ ካርድ አውጥታ፣ ደምና ሰገራ ሰጥታ "ምንም የለብሽም" ተባለች። እንደዚያ ቀን ተናዳ አይቻት አላውቅም። የዕድሯን ወርሃዊ ስትከፍል ግን "ዘንድሮም ሳልሞት ቀረሁ" ብላ አታማርርም።

ቡና ላይ ደግሞ ከለንደን የመጣው "እኛ ጋ ሕክምና በነጻ ነው" ሲል፣ ከጀርመን የመጣችው "እኛም ጋ!" ትላለች። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በአመዛኙ ከግብር ይከፍላሉ፤ ሆስፒታሉንም መንግሥት ራሱ ይዞታል። ጀርመኖች ከቢስማርክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1883 ወዲህ፣ ሠራተኛና አሠሪ ለመድን እያዋጡ ነው፤ ሆስፒታሉ የከተማ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የግል ሊሆን ይችላል። እሱ ግብሩን፣ እሷ መዋጮዋን ረስተው "ነጻ፣ ነጻ" ሲሉ፣ እኛ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳን ቀናንባቸው።

የእኛው ቅይጥ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሒሳብ ከፋይ ነው፤ ጤና ጣቢያውና ነርሷ የመንግሥት ናቸው። መድኃኒት ጠፍቶ "ከውጭ ግዙ" ስንባል የምንረግመው መድኑን ነው። ወረፋ ሲረዝም መንግሥትን እናማለን። የዳንን ቀን ምስጋናው ለጠበሉ ነው።

ከሁሉ ከሁሉ እኛ ደመወዝተኞች! ጉልት ቸርቻሪዋን "መዋጮው ለራስሽ ባይሆን ለጎረቤትሽ ይሆናል፣ መደጋገፍ እኮ ነው" እያልን የምንሰብክ እኛ ነን። የእኛው፣ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ከደመወዛችሁ 3 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪያችሁም 3 በመቶ ይጨምራል ሲባል ግን ካልኩሌተር ያልመዘዘ አልነበረም። አሠሪው የሚጨምረውን ማን ደመረው! ትግበራው ሲራዘም፣ ደግሞ ሲራዘም፣ እኔም ከልቤ እልል ብያለሁ። ቸርቻሪዋ ቲማቲሟን እየደረደረች ሰማችንና፣ "ውይ፣ እናንተ ጎረቤት የላችሁም?" አለች።