ረቡዕን የሚያልፍ ምድጃ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ሹም በተሻረና በተሾመ ቁጥር ሲጠቀስ ከመኖሩ የተነሣ ስለ ማድ ቤት የተነገረ መሆኑ ሊዘነጋ ምንም አልቀረውም። ተረቱን ወደ ማድ ቤቱ መልሶ የሚመረምር ሰው ግን የተነገረው ስለ ወጥ ብቻ መሆኑንና ስለ ጥብስ አንዳች ቃል አለመተንፈሱን ያስተውላል። ወጥ በድስት ተከድኖ፣ በውሃና በቅባት ተከቦ የሚበስል በመሆኑ ከሥሩ ያለው ጉልቻ ድንጋይ ሆነ ብረት ግድ የለውም፤ ጥብስ ግን ገላጋይ ሳይኖረው ከፍም ጋር ፊት ለፊት የሚጋፈጥ ስለሆነ የእሳቱ ጠባይ ሁሉ በላዩ ላይ ይታያል። ስለዚህ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ከሥራ ውሎ ቤቱ ገብቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እራቱን መጥበስ ለሚሻ ሰው የምድጃ ምርጫ ከተረቱ ሥልጣን ውጪ የሚቀር፣ ራሱን የቻለ ምርመራ የሚገባው ጉዳይ ነው።

ትንሽ የጥብስ ምድጃ ሲባል ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው የሚበቃ ምግብ በፍም ላይ በተዘረጋ ፍርግርግ፣ ማለትም ጎን ለጎን በተደረደሩ የብረት ዘንጎች ላይ የሚያበስል፣ በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ ከበረንዳ ወደ ማድ ቤት የሚዘዋወር ዕቃ ማለት ነው። ይህ ዕቃ ወደ ቤት ሲገባ ቦታው ባዶ ሆኖ አይጠብቀውም፤ የሥራ ቀን እራት ከጥንት ጀምሮ በሽሮ እጅ ያለ ርስት ነውና፣ ርካሽ፣ ፈጣንና ጾምም ፍስክም የማያግደው ይህ ባላጋራ በቀላሉ ወንበሩን አይለቅም። ምድጃው ሽሮን ለመርታት አንድ ጠንካራ ክርክር ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ክርክር የሚያቀብለው የአገሩ ከፍታ ነው።

ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ ሲሆን፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ስለሚሄድ፣ በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መፍያው ወደ 90 ዲግሪ ይወርዳል። እንግዲህ በመንዝ ደጋ ባቄላ ወይም ድንች የሚቀቅል ሰው ከሥሩ የቱንም ያህል ማገዶ ቢማግድ እንፋሎቱን ያበዛል እንጂ የውሃውን ሙቀት አይጨምርም፤ ድስቱ እየተንተከተከ፣ ቤተሰቡ እየተራበ፣ ባቄላው ግን እንደ ጠጠር እንደሆነ ይቆያል። ፍም በአንጻሩ የውሃን ሕግ የሚያከብርበት ምክንያት የለውም። ሥጋ ቡናማ መልኩንና ጎረቤት የሚያስነሣ መዓዛውን የሚያገኘው የላይኛው ገጹ ከ140 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ በመሆኑና የጋለ ከሰል ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ሙቀት ስላለው፣ ጥብስ በመንዟ መሐል ሜዳም ሆነ በባሕር ዳርቻዋ ምጽዋ በእኩል ደቂቃ ሊደርስ ይችላል።

ይሁን እንጂ ከፍታው በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው መንሣቱ አይቀርም። በ3,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ትንፋሽ አየር ይዞት የሚመጣው ኦክስጅን፣ ማለትም እሳትን የሚያነድደው የአየር ክፍል፣ በዚያው ልክ ያነሰ ነው፤ ከሰሉም እንደ ቆላ ከሰል ወዲያው አይግልም፣ ያኮርፋል፣ ይለመናል። ከዚህ የተነሣ ከምድጃ ምርጫ መመዘኛዎች ቀዳሚው የአየር መግቢያው ስፋት ሲሆን፣ ከታች በር የሌለው ምድጃ በቆላ ሰነፍ ቢባል በመንዝ ግን ሬሳ ነው። ማርገብገቢያም ከተጨማሪ ዕቃነት አልፎ የምድጃው ሁለተኛ ሳንባ ይሆናል፤ ይህን ሳንባ የሚያንቀሳቅሰው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ትንሽ ልጅ በመሆኑም የጥብሱ ፍጥነት በልጁ የቤት ሥራ ብዛት ይወሰናል።

ለምርጫ ከሚቀርቡት ውስጥ ሦስት ድንጋይ ያለው ጉልቻ ዋጋ የማይጠየቅበት ቢሆንም፣ ሙቀቱን በሦስት ወገን ለነፋስ ስለሚያከፋፍል ለጥቂት ቁራጭ ሥጋ አንድ ሸክም እንጨት ይበላል። ከቆርቆሮ ብቻ የተሠራው የከሰል ምድጃ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል፤ የሚያሞቀውም ከፍርግርጉ ይልቅ በዙሪያው ያለውን የአገር ነፋስ ነው። ላቀች የተባለው ምድጃ ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሰል ለመቆጠብ ታስቦ አዲስ አበባ ውስጥ የተስፋፋ፣ የኬንያው የሸክላ ጂኮ ዘመድ ሲሆን፣ ከውጪ የቆርቆሮ ቀፎ፣ ከውስጥ ወፍራም የሸክላ ልባስ ስላለው ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይይዛል፤ ጃፓኖች ሺቺሪን የሚሉት ትንሽ የጥብስ ምድጃም በዚሁ ዘዴ የሚሠራ ነው። የላቀች ጉድለት አፏ ለጀበናና ለድስት የተለካ መሆኑ ሲሆን፣ ይህንን ግን በየከተማው ያለ ብየዳ ቤት ቁርጥራጭ ፌሮ አገጣጥሞ ከአፏ ሰፋ ያለ ፍርግርግ በመሥራት ያቃልለዋል። ፍርግርጉ ከፍሙ አንድ ጭብጥ ያህል ከፍ ቢል መልካም ነው፤ ዚንክ ከተለበጠ ብረት እንዳይሠራ ግን ማሳሰብ ያስፈልጋል፣ ዚንክ ሲግል የሚወጣው ጢስ ለሳንባ መርዝ ነውና።

ከዚህ በላይ የሚመኝ ሰው ዓይኑን በቸርኬ፣ ማለትም በመኪና ጎማ ብረት ላይ ይጥላል፤ ልኳንዳ ቤቶች የሚወዱት ይህ ምድጃ ጠንካራ መሆኑ ባይካድም፣ አንድ ጊዜ ሆዱ በከሰል ካልሞላ የማይሠራ በመሆኑ ለአራት ሰው እራት የአርባ ሰው ማገዶ ይጠይቃል። በ1952 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቺካጎ ውስጥ ጆርጅ ስቲቨን የተባለ የብረት ሥራ ባለሙያ የባሕር ምልክት ተንሳፋፊን ለሁለት ቆርጦ የፈለሰፈው ባለ ክዳን ምድጃም ዝናው የናኘ ቢሆንም፣ ሰፊ ግቢና የማይቸኩል ቅዳሜ የሚፈልግ ስለሆነ ከሥራ ቀን ማታ ጋር አይስማማም። ሸክላ ጥብስ የሚቀርብበት፣ ከሥሩ ፍም የሚይዘው የሸክላ ዕቃ ደግሞ የበሰለውን ሳይቀዘቅዝ ለማቆየት የተበጀ እንጂ ጥሬውን ለማብሰል አቅም የለውም። ኤሌክትሪክ ምድጃን በተመለከተ፣ መብራት ሲኖር ንጹሕና ታዛዥ መሆኑ አይካድም፤ ሥጋው በአንድ ጎኑ በስሎ ሊገለበጥ ሲል መብራት ቢሄድ ግን ባለቤቱ የግማሽ ጥብስና የግማሽ ቁርጥ ባለቤት ሆኖ ይቀራል።

የማገዶው ጉዳይ ከምድጃው አይነጠልም፤ የምድጃ ርካሽነት የሚለካው በተገዛበት ቀን ሳይሆን ከሰሉ ባለቀበት ቀን ነውና። ከቆላ የሚመጣው የግራር ከሰል ጠጣርና ከባድ ስለሆነ ቆይቶ ይያያዛል፣ ከተያያዘ ግን ለረጅም ጊዜ ይነዳል፤ የባሕር ዛፍ ከሰል በበኩሉ ቀላልና ፈንጣሪ ሆኖ ፈጥኖ ይግላል፣ ፈጥኖም አመድ ይሆናል። ለድፎ ዳቦና ለዶሮ ወጥ የሚናቀው ይህ የባሕር ዛፍ ጠባይ ለግማሽ ሰዓት ጥብስ ሲሆን ሞገስ ያገኛል፤ ጥብሱ ካለቀ በኋላ የሚነድ ከሰል የአባካኝ ከሰል ነው። የመንዝ ዋና ማገዶ የሆነው ኩበት ሙቀቱ ደግ ቢሆንም ጢሱን በሥጋው ላይ ስለሚተው ለጥብስ አይመረጥም። ጓሳ የተባለውን የመንዝ የጋራ መሬት ቁጥቋጦ በተመለከተ፣ ነዋሪው የጓሳን ሣርና ማገዶ ቄሮ በሚባለው የጋራ አስተዳደር ለዘመናት ሲጠብቅ የኖረ ስለሆነ፣ ለአንድ ማታ ዝልዝል ብሎ ያንን ሥርዓት መጣስ እዚያ ለሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮም ለጎረቤቱም የሚያሳፍር ይሆናል።

በፍርግርጉ ላይ የሚወጣው ሥጋ የመንዝ በግ መሆኑ ሥራውን ያቀልላል፣ ያወሳስበዋልም። የመንዝ በግ አካሉ ትንሽ፣ ጸጉሩ ባና የሚሠራበት፣ ጅራቱ በላት፣ ማለትም በስብ የደለበ ዝርያ ነው፤ በዚህ ትንሽ አካል ያልረኩ የእርባታ ባለሙያዎች አዋሲ ከተባለው የመካከለኛው ምሥራቅ በግ ጋር አዳቅለውታል፤ የትንሽ ምድጃ ባለቤት ግን በትንሽነቱ ቅር የሚሰኝበት ምክንያት የለውም። ቀይ ሥጋው በጣት ውፍረት ተዘልዝሎ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነካ ተደርጎ፣ መዳፍ በፍርግርጉ ላይ ሲዘረጋ ከአራት ቁጥር በላይ መታገሥ ሲያቅተው ቢወጣበት በየጎኑ በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል። ፈተናው ላቱ ነው፤ አንዲት የላት ጠብታ ፍሙ ላይ ስትወድቅ ነበልባል ሽቅብ ተምዘግዝጎ ዝልዝሉን ያጠቁረዋል፣ ከዚያም ጢሱ አጥር ዘልሎ ይወጣል። ስለዚህ ላት ፍርግርጉን ለማሸት በቁራጭ ይበቃል፤ ቀሪው ለነገ ሽሮ ቢቀመጥ ባላጋራን የማስታረቅ ያህል ነው። የተረፈው ሥጋም ቢሆን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወራት ብዙም አያሳስብም፤ ደጋው ራሱ ያለ መብራት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነው።

ሆኖም ሥጋን ብቻ አስቦ ምድጃ የሚገዛ ሰው የዘመን መቁጠሪያውን አላነበበም። አብዛኛው የአካባቢው ነዋሪ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ በመሆኑ ከአምስቱ የሥራ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ለጾም ይነሣሉ፤ ለጥብስ የሚቀሩት ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ናቸው። ከእነዚህም ላይ 55 ቀን የሚፈጀው ዐቢይ ጾም፣ በኅዳር አጋማሽ የሚገባው የነቢያት ጾም፣ የሐዋርያት ጾምና ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ያለው ፍልሰታ ድርሻቸውን ሲወስዱ፣ ምድጃው ያለ ገደብ ሥጋ የሚያይበት ወቅት ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ የማይጾሙባቸው 50 ቀናት ብቻ ይሆናል። ሌላውን ዓመት እኩሌታውን ሥራ ፈትቶ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ዕቃ የቱንም ያህል በቅናሽ ቢገዛ ውድ ነው።

ስለዚህ የምድጃ ትክክለኛ ፈተና የፋሲካ ማግሥት ሳይሆን ተራ ረቡዕ ነው። ዘንጎቹ እጅግ የተራራቁበት ፍርግርግ ለዝልዝል ቢመችም ቃሪያና ሽንኩርት እየሾለኩ ፍም ውስጥ ይወድቁበታል፤ ጠባብ ክፍተት ያለው ግን ከደጋው የሚገኘውን ድንች ተቆራርጦ፣ ከመርሐቤቴ ቆላ የሚመጣውን የበቆሎ እሸት ከነራሱ፣ በመኸርም የባቄላ እሸት ከነልጣጩ ያስተናግዳል። ድንቹ ከነልጣጩ ረመጥ ውስጥ ሊቀበር ቢፈለግ ደግሞ ሆዱ ጠለቅ ያለ ምድጃ ያስፈልጋል፤ በ90 ዲግሪ ውሃ ሲጉላላ የኖረው ድንችም በኑግ ወይም በተልባ ታጅቦ ክብሩ የሚመለስለት ያን ጊዜ ነው። ረቡዕን በዚህ ሁኔታ ያለፈ ምድጃ ሐሙስን ለማለፍ ተጨማሪ ፈተና አያስፈልገውም።

የሚጠበስበት ቦታም በአገሩ ሰማይ ይወሰናል። የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ጋር እህትማማች ስትሆን፣ ሁለቱን ከተሞች በጥብስ ረገድ የሚለያቸው ከሥጋው ይልቅ ፀሐይ ነች። ፋተርሽቴተን በምትገኝበት በባቫሪያ በሰኔ ምሽት ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከሦስት ሰዓት በኋላ ስለሆነ ጀርመናዊው ከሥራ ገብቶ በብርሃን ይጠብሳል፤ በሰሜን ሸዋ ግን ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እምብዛም ሳይርቅ ስለሚጨልም፣ ሥጋው መብሰሉ የሚጣራው በሞባይል ባትሪ ሲሆን በዚያ ነጭ ብርሃን ሥር ጥሬውም ብስሉም አንድ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለዓይን ሳይሆን ለጣት ማመን፣ ማለትም ሥጋውን ጫን ሲሉት የሚሰጠውን ምላሽ ማዳመጥ።

ብርዱ ግን ሌላ ፈተና ያመጣል፤ እዚህ ላይ ወጉ ቀልዱን ለአፍታ ያቆማል። ውርጩ ሲበረታ ምድጃውን ወደ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ መልክም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር ተዋሕዶ ኦክስጅንን ስለሚያፈናቅልም ያንቀላፋውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ስለዚህ ከሰሉ ውጪ ይቀጣጠላል፣ ውጪ ይጠበሳል፣ ወደ ቤት የሚገባው ጥብሱ ብቻ ነው፤ ለብርዱ ባና አለ።

የቀረው የመጠን ጥያቄ ሲሆን እርሱን የሚወስነው ጎረቤት ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን መንዝን አጥንቶ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ በሰምና ወርቅ መሰየሙ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የላቱ ጢስ አጥር በዘለለ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ «እሳት ልጭር ብዬ ነው» እያለ የሚገባ ጎረቤት ሰሙ ፍም፣ ወርቁ ዝልዝል ነው። ባለቤትም ወርቁን እየሰማ በሰሙ ብቻ አይመልስም፤ ፍም አስይዞ መሸኘት በአገሩ ወግ ነውር ነውና። ታዲያ ይህን በማሰብ ትልቅ ምድጃ መግዛት ስሕተት ነው፤ ትልቁ ምድጃ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አብስሎ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አቀዝቅዞ እንግዳውን በጊዜ ያሰናብታል፤ ትንሹ ግን በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እያወጣ፣ የሚቀጥለው እስኪደርስ ወሬ እያስጀመረ፣ ትኩሱን ለሁሉም ያዳርሳል። ስለዚህ የሸክላ ልባስ ያለው፣ ከታች በሩ ሰፊ፣ ሆዱ ድንች የሚቀብር፣ ፍርግርጉ ቃሪያ የማይጥል አንድ ትንሽ ምድጃ የመረጠ ሰው ምርጫው ተጠናቋል፤ ገንዘብ ከተረፈው የሚገዛበት ሁለተኛ ምድጃ ሳይሆን ትርፍ በርጩማ ነው።