የዳውሰን ሊሪ መሰላል፦ በአንድ አናዳጅ ገጸ ባሕርይ ላይ የተደረገ ጥናት

ደብሊው ቢ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ «ዳውሰንስ ክሪክ»ን ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1998 ነው። ድራማው ስድስት ምዕራፍ፣ 128 ክፍል ተጉዞ በሜይ 2003 አለቀ። በዚያን ጊዜ የገጸ ባሕርያቱ እኩያ የነበሩ ተመልካቾች ዛሬ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ድራማውን እንደገና ሲከፍቱት ታዲያ ያኔ አብረውት ያለቀሱለት ልጅ አሁን ያናድዳቸዋል። ይህ ጥናት የንዴቱን ምንጭ ለመለየት ይሞክራል።

ጥናቱ የተካሄደባት ከተማ ኬፕሳይድ ትባላለች። ማሳቹሴትስ ውስጥ እንዳለች ይነገርላታል እንጂ ካርታ ላይ የለችም፤ ቀረጻው የተከናወነው በሰሜን ካሮላይናዋ ዊልሚንግተን ነው። የከተማዋ ወጣቶች አካላዊ እድገት የተለየ ትኩረት ይሻል። የአሥራ አምስት ዓመቱን ዳውሰን ሊሪን የተጫወተው ጄምስ ቫን ደር ቢክ ድራማው ሲጀመር ሃያ ዓመት ሞልቶት ነበር። በሁለተኛው ምዕራፍ የመጣውን ተማሪ ጃክ ማክፊን የተጫወተው ኬር ስሚዝ ደግሞ የ1972 ልጅ ነው። የኬፕሳይድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልደት የምስክር ወረቀት የሚጠይቅ አይመስልም።

አነጋገራቸውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሁለት ተማሪዎች ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ሰላምታ አይለዋወጡም፤ ግንኙነታቸው የደረሰበትን ደረጃ ይተነትናሉ። ደወሉ ትንተናው እስኪያልቅ ይታገሣል። የድራማው ፈጣሪ ኬቪን ዊሊያምሰን ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1996 የታየውን «ስክሪም» የተባለ አስፈሪ ፊልም ጽፎ ነበር፤ በዚያ ፊልም ወጣቶቹ ከነፍሰ ገዳይ እየሸሹ ስለ አስፈሪ ፊልሞች ደንብ ይከራከራሉ። ኬፕሳይድ የጎደላት ነፍሰ ገዳዩ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መሰላሉ እንሂድ። ጆይ ፖተር (ኬቲ ሆምስ) ወደ ዳውሰን መኝታ ክፍል የምትገባው በመሰላል ወጥታ በመስኮት ነው። በር አለ፤ ወላጆቹም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታል። ልማዱ ግን ብዙ ይናገራል። ጆይ እናቷን ካንሰር ወስዶባታል፣ አባቷ በዕፅ ዝውውር ታስሯል፣ የምትኖረው ከእኅቷ ጋር ነው። ዳውሰን ደግሞ ግድግዳው በስቲቨን ስፒልበርግ ፊልሞች ፖስተር በተሸፈነ ክፍል ተቀምጦ እስክትመጣ ይጠብቃል። ወጥታ የምትወርደው እሷ ናት፤ ስለ ድካም የሚያወራው እሱ ነው።

ከማስረጃዎቹ አንዱ የሚገኘው በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ነው። የጆይ አባት ከእስር ተፈትቶ ወደ ዕፅ ንግዱ ይመለሳል፤ ዳውሰን ይደርስበታል። በእሱ ግፊት ጆይ ልብሷ ውስጥ የድምፅ መቅረጫ ደብቃ አባቷን ታናዝዛለች። አባትየው ወደ እስር ቤት ተመለሰ፣ እሷም ዳውሰንን መቼም ይቅር እንደማትለው ነገረችው። ዳውሰን እንደ ሕጉ ከሆነ ትክክል ነበር። ሁልጊዜም ትክክል ነው፤ የንዴቱ አንደኛ ምንጭ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ዋናው ማስረጃ ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ጆይ ልትታረቀው ብትመጣ ዳውሰን እምቢ አለ። እምቢ ብሎም አላበቃም፤ የልብ ጓደኛውን ፔሲ ዊተርን (ጆሹዋ ጃክሰን) አደራ ጠብቅልኝ አለው። ፔሲ አደራውን ከሚጠበቅበት በላይ ተወጣ። ሥዕል የምትስልበት ግድግዳ ተከራየላት፤ በገዛ እጁ ባደሳት ጀልባ ለበጋው ይዟት ባሕር ላይ ወጣ። አደራ ሰጪው የበይ ተመልካች ሆኖ ቀረ። ሂጂ ያላት ራሱ ዳውሰን ነው፤ ከሄደች በኋላ ፊቱን አጨማድዶ ያለቀሰውም እሱ ነው። ያ ፊት ከዓመታት በኋላ የኢንተርኔት መሣቂያ ሆኖ ዓለምን ዞሯል።

ሌሎቹም ንጹሓን አይደሉም፤ ሚዛን መጠበቅ የተመራማሪ ግዴታ ነው። ፔሲ በአራተኛው ምዕራፍ በምረቃ ድግስ ላይ ጆይን በሰው ፊት አዋርዷታል፤ በስድስተኛው ደግሞ የአክሲዮን ደላላ ሆኖ ዳውሰን ለፊልም ያጠራቀመውን ገንዘብ አክስሮበታል። ጆይ የትኛውን እንደምትወድ ለመናገር እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ጊዜ ወስዳለች። ዳውሰንም በስድስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ከጆይ ጋር ያደረው ሌላ የሴት ጓደኛ እንዳለችው ሳይነግራት ነበር። እዚህ ላይ «ሁልጊዜም ትክክል ነው» የሚለው የጥናቱ ግኝት መጠነኛ ማሻሻያ ያስፈልገዋል።

ከሁሉም የተበደለችው ጄን ሊንድሊ (ሚሼል ዊሊያምስ) ናት። ከኒው ዮርክ ወደ አያቷ ዘንድ ተልካ መጣች፤ ዳውሰን ወደዳት፤ ያለፈ ታሪኳን ሲሰማ አኮረፋት። ደራሲዎቹም በመጨረሻው ክፍል ሕፃን ልጅ አስታቅፈው በልብ ሕመም ገደሏት። ጆይ ፔሲን መረጠች፤ ዳውሰን የራሱን ሕይወት የቴሌቪዥን ድራማ አድርጎ ሠራና በማግስቱ ከስፒልበርግ ጋር ቀጠሮ እንዳለው በስልክ ነገራቸው። ያን ቀጠሮ ተመልካች አላየውም። ስፒልበርግ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ከልጅነቱ ታሪክ ተነሥቶ «ዘ ፋብልማንስ»ን ሲሠራ እናቱን እንድትጫወት የመረጣት ሚሼል ዊሊያምስን ነው፤ ለኦስካርም ታጭታበታለች።