አሳሽ መጣ፣ ቀን ጠፋ

"የሠራህልን ዌብሳይት ጉድ አፈላ!" አለኝ ጂንካ ላይ አስጎብኚ የሆነው ወዳጄ፣ ሲኒውን እንኳ ሳያስቀምጥ። "05/02/2026 ብዬ ሞላሁ። ፌብሩዋሪ 5፣ ሐሙስ፣ የቀይ አፈር ገበያ። ፈረንጁ ደግሞ ሜይ 2፣ ቅዳሜ የሚል ደረሰኝ ይዟል።"

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ግን ማን ያምናል? "አሳሹ፣ ብራውዘሩ ማለቴ ነው፣ እንደ አሜሪካኖች ወሩን አስቀድሞ አንብቦት ነው" አልኩ።

"አሳሽ ድሮም እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 አገር አሳሾቹ እነ ቴሌኪ መጥተው ኦሞ የሚገባበትን ሐይቅ ሩዶልፍ አሉት። ያንተው ደግሞ ሐሙስን ቅዳሜ አለው። ለነገሩ ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው፤ አድልቶልናል።"

"ዓመቱን አስቀድመህ በጭረት ጻፈው፤ 2026-02-05።"

"ጻፍኩታ! ከሌሊቱ 9 ሰዓት አለኝ። በዚያ ሰዓት ገበያ የሚወጣው ጅብ ነው።"

"ሰዓት ካልሰጠኸው በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ይቆጥረዋል፤ የእኛው በ3 ሰዓት ይቀድማል። ጭረቱን በእዝባር ብትተካው ግን የአገርህን እኩለ ሌሊት ይይዛል።"

"በጭረት ለንደን፣ በእዝባር ጂንካ! እሺ፣ ቀኑንና ሰዓቱን አራርቄ ብጽፍስ?"

"ክሮም ይቀበልሃል። የቆየ ሳፋሪ ግን በመሃላቸው ቲ የምትባል ፊደል ካላየ ቀን አይደለም ይላል።"

"ስሙ ሳፋሪ ሆኖ በቡና አገር ቲ ይጠይቃል? ሻይ እናፍላለት! ጳጉሜን 5ንስ ማን ይቀበላል?"

"እዚያ ላይ ሁሉም ተስማምተዋል። እንዲህ ሲጻፍለት 13ኛ ወር የሚቀበል የለም።"

"ፈረንጆቹን የ13 ወር ፀሐይ ብለን ጠርተናቸው!"

አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተን ከክላይቭ ራግልስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙትን ጥናት አነሳሁበት፤ ሙርሲዎችም ስንተኛው ወር ላይ እንዳሉ ይከራከራሉ፣ ማን ልክ እንደነበር የሚለየው ኋላ ነው።

"እነሱ ተቀምጠው ይከራከራሉ። ያንተዎቹ በየስልኩ ተደብቀው ይፈርዳሉ። ይልቅ ከሐመር ተማር። ለከብት ዝላይ ሲጠራህ የተቋጠረ ገመድ ይሰጥሃል። በቀን አንድ ቋጠሮ ትፈታለህ፤ ሲያልቅ ትሄዳለህ። ወር ቀደመ፣ ቀን ቀደመ የለ።"

"እኛም አለን እኮ!" አልኩ፣ ልቤ ሞልቶ። "ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሚሊሰከንድ። የትኛውም አሳሽ አይሳሳተውም።"

"ለዚያች ሐሙስ ስንት ቋጠሮ ይሆናል?"

"1,770,249,600,000።"

ሲኒውን አስቀመጠ።

"ያን ሁሉ ፈትቼ ስደርስ፣ ዘላዩ ልጅ አያት ሆኖ ይቀበለኛል።"