ፕላስቲኩ ሽማግሌ

ድሮ ሰው ሲጣላ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ባልና ሚስት፣ አከራይና ተከራይ፣ የዕቁብ ሰብሳቢና ዕጣው የቀረበት፣ ሁሉም። እዚህ ሜሪላንድ ከገባሁ ወዲህ እንኳ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት ካፌዎቻችን በአንዱ ጥግ ይዤ ያስታረቅሁት ሰው ቢቆጠር አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሞላል። ደመወዝ የለኝም፤ ቡና ይጋብዙኛል፣ ጉልበቴን ስመው ይሄዳሉ። አሁን በስተርጅና ከሥራዬ ተፈናቀልሁ። ያፈናቀለኝ ጎረምሳ ቢሆን ባልከፋኝ። ጢም የሌለው፣ ጋቢ የማይደርብ፣ ቡና የማይጠጣ፣ ከመታወቂያ የማይበልጥ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

እኔ ክሬዲት ካርድ የሚባለውን ነገር እንደ ጠላሁት የኖርሁ ሰው ነኝ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት አባቶቻችን ይህን በሕልማቸው አይተውት መሆን አለበት። ጎተራው ሞልቶ ከጎረቤት ጤፍ የሚበደር ሰው በእኛ አገር ጠበል ይወሰድ ነበር። እዚህ ግን የራስህ ገንዘብ ተቀምጦ የባንክ ገንዘብ ተበድረህ ሽንኩርት ብትገዛ «ጎበዝ፣ ጥሩ ታሪክ እያስመዘገብህ ነው» ይሉሃል። አጀማመሩም ያው ነው። በ1958 እንደ ፈረንጆቹ፣ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬዝኖ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ለ60,000 ያህል ሰው ማንም ያልጠየቀውን ካርድ በፖስታ ላከ። ያልጠሩት እንግዳ መጥቶ ከነዕዳው መደብ ላይ ሲቀመጥ አስቡት!

ባለፈው ዓመት ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ልጆቼ ተሰብስበው መከሩና ቁልፉን ሲጫኑት ከኋላ ገፍቶ ብድግ የሚያደርግ የኤሌክትሪክ ወንበር ይገዛለት አሉ። ዋጋው 1,149 ዶላር። በዚህ ገንዘብ ድሮ ወንበሩን ብቻ ሳይሆን የሚያነሳኝንም ሰው እቀጥር ነበር። ሱቁ ከቤቴ 12 ማይል ነው። ሻጩ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ «በስልክ ገንዘቡን ከላካችሁልኝ 50 ዶላር እቀንሳለሁ» አለ። እኔ «እሰይ!» ልል አፌን ስከፍት፣ ሒሳብ አያያዝ የተማረችው የልጅ ልጄ ካርዷን መዘዘች። እኔንም ተጠቃሚ አድርጋ በስሜ ያወጣችልኝን ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ሃምሳ ዶላር ስንት ዶሮ እንደሚገዛ ታውቂያለሽ?» አልኋት።

«አባባ፣ በስልክ ፈቅደው የላኩት ገንዘብ ከኪስዎ አውጥተው እንደ ሰጡት ብር ነው። ዕቃው ጉድ ቢሆን ባንኩ ‹ራስዎ ላኩ› ብሎ ይዘጋዋል። በካርድ ሲሆን ግን ዋስ አለን» አለችኝ።

ዋስ! ይቺን ቃል ሰምቼ ዝም አልሁ። ዋስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ለስንቱ ዋስ ሆኜ ስንቱን ከፍዬለታለሁ።

ወንበሩ ለሁለት ሳምንት ጨዋ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። እሳቸው በበሩ ሲገቡ ወንበሩ ማንም ሳይነካው እያጓራ ከመቀመጫዬ ያነሳኝ ጀመር። እንግዳ ማክበሩ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ግን ግማሽ መንገድ ላይ ደርሶ ቆመ። ቁልፉን ብጫን፣ ብደበድብ፣ ብማጸን፣ ወይ ፍንክች! እንደ ተቀመጥሁም እንደ ቆምሁም አይደለሁም፤ ግራ እጄ መስቀል ሊሳለም ተዘርግቷል፣ ቀኝ እጄ የቡና ስኒ ይዟል። ባለቤቴ እጣን ማጨሱን ትታ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ወንበር እንደ ልቡ ነው፤ ሲፈልግ በሌሊት ብቻውን ይነሳል፣ ሲፈልግ ከነእኔ ይቆማል።

ሱቁ ደወልን፤ «ፋብሪካውን አነጋግሩ» አሉ። ፋብሪካው ደወልን፤ «የሸጠላችሁን አነጋግሩ» አሉ። እነዚህ ሁለቱ ገና ሳይደርስ እኔን ሩር አድርገው ገና ይጫወታሉ። በመርካቶ ቢሆን ኖሮ እኮ! እርግጥ እዚያም ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ተጽፏል፤ ሻጩም በቀን ሰባት ጊዜ «እናቴ ትሙት» ብሎ ይምላል፣ ምስኪን እናቱ ግን ማታ እራት ትሠራለታለች። ቢሆንም ሻጩ ፊት አለው። ደጁ ትቆማለህ፣ ትጮሃለህ፣ መንገደኛው ይሰበሰባል፣ አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ይገባል፣ ግማሹን አስመልሶ ያስታርቅሃል። እዚህ በማን ደጅ ልቁም? ስልኩ «ለእንግሊዝኛ አንድን ይጫኑ» ይላል። ለኩርፊያ ስንትን እንደምጫን ግን አልነገረኝም።

ስለዚህ እንደ ወጋችን ሽማግሌ ሰበሰብሁ። እኔ፣ ባልንጀራዬ ሻለቃውና የዕድራችን ጸሐፊ ጋቢያችንን ደርበን፣ ከዘራችንን ይዘን ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ገባን። ሻጩ ሦስት ነጭ ለባሽ ሽማግሌዎች ሲገቡ ሲያይ ዓይኑ በራ። እኔ ገና «ነገሩ እንዲህ ነው» ብዬ ወግ ስጀምር እሱ ወደ ፍራሽ ክፍል እየመራን ነው። ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ አደለን። ሻለቃውን «እስቲ ይጋደሙበት» አለው። ሻለቃው በጦር ሜዳ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረ ሰው ነው፤ ያ ፍራሽ ጀርባውን ሲቀበለው ዓይኑን ጨፈነና «እንዲህ ያለም አለ?» አለ። ስለ ወንበሩ የሰማን የለም። ሻለቃው ባለ 799 ዶላር ፍራሽ በየወሩ ሊከፍል ፈርሞ ወጣ። ለእርቅ ሄደን በዕዳ ተመለስን።

ይህን ለልጅ ልጄ ስነግራት ስቃ ስቃ ሲያበቃላት ብዕር አነሳች። «አባባ፣ የስንት ቀን ነበር? ስንት ሰዓት? ሻጩ ምን አላችሁ?»

«ለምንሽ ነው?»

«ሕጉ ይጠይቃል። ከሻጩ ጋር በቅን ልቡና ለመስማማት ሞክራችኋል ወይ ይላል።»

ወገኖቼ፣ በዚህ ጊዜ ነው ከዘራዬን ያስቀመጥሁት። የአሜሪካ ሕግ ሽምግልና ያውቃል ማለት ነው! ነገሩን በደንብ እንድታስረዳኝ አዘዝኋት። የካርድ ሒሳብ አከፋፈልን የሚመለከተው ሕግ የወጣው በ1974፣ በጥቅምት ወር ነው አለች። አሰብሁት፤ በእኛ አቆጣጠር 1967 መሆኑ ነው። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን ወርደው ገና ሁለት ወር አልሞላም። እኛ ንጉሥ አውርደን «ማን ያስተዳድረን?» ስንል እነሱ «ለተሰበረ ወንበር ማን ይክፈል?» ብለው ሕግ ይጽፉ ነበር። በምን እንደ በለጡን ያን ዕለት ገባኝ።

ሕጉ እንዲህ ነው። ያልገዛኸው ዕቃ ከተመዘገበብህ ወይም የገዛኸው ጨርሶ ካልመጣ፣ ስሕተቱ የታየበት የመጀመሪያው ሒሳብ ከተላከልህ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ታመለክታለህ። ደብዳቤው የሚላከው ክፍያ በምትልክበት አድራሻ ሳይሆን ለአቤቱታ በተለየው አድራሻ ነው፤ በዚህች ብቻ ስንቱ ሐበሻ ተሸውዷል። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ደብዳቤህ መድረሱን ያሳውቅሃል፤ ጉዳዩንም በሁለት የሒሳብ ዙር፣ ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥ ይጨርሳል። እስከዚያ ድረስ ክርክር ያለበትን ገንዘብ ክፈል ብሎ አያስጨንቅህም፣ ስምህንም አያጠፋም። ዕቃው መጥቶ እንደ እኔ ወንበር አመለኛ ከሆነ ደግሞ ሌላ በር አለ፤ ዋጋው ከ50 ዶላር ማለፍ፣ ሱቁ በምትኖርበት ስቴት ወይም ከቤትህ በ100 ማይል ውስጥ መሆን አለበት፤ አስቀድሞም ከሻጩ ጋር ለመስማማት መሞከር አለብህ። መከልከል የምትችለውም ገና ያልከፈልኸውን ብቻ ነው።

ይህች የመጨረሻዋ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። እኔ ዕዳ ይዤ ተኝቼ አላውቅም። ሒሳቡ ሲመጣ በዚያው ቀን ከፍዬ ነው እራት የምበላው። አሁን ግን ልጅቱ «የወንበሩን እንዳይከፍሉ!» ብላ ከለከለችኝ። በሰባ ስድስት ዓመቴ ባለዕዳ ሆኜ፣ አልከፍልም ብዬ፣ ያውም በሕግ! ሌሊት ወንበሩ ሳሎን ብቻውን ሲያጓራ ዕዳው የሚያጓራ ይመስለኝ ነበር።

ከደብዳቤው በፊት ባንኩ ደውለን ነበር። አንዲት ትሑት ልጅ አነሳች። ካርዱ የተገዛ ዕቃን የሚጠብቅ ዋስትና አለው ብላ ጠየቀችኝ፦

«ዕቃው ተሰረቀ?»

«ምነው በሰረቁት!»

«በአደጋ ተሰበረ?»

«የለም ልጄ፣ አመሉ ነው።»

ያ ዋስትና ለካ የሚሠራው ዕቃው ከተገዛ በኋላ ባሉት የተወሰኑ ቀናት፣ በአንዳንዱ ካርድ 90፣ በአንዳንዱ 120 ቀን ውስጥ ቢሰረቅ ወይም በአደጋ ቢጎዳ ነው እንጂ ከፋብሪካው ጀምሮ ለባለገ ወንበር አይደለም። ለባለገ ወንበር የክርክሩ ክፍል አለ። ወደዚያ ከማስተላለፏ በፊት «ለመሆኑ የሻጩንም ቃል ትሰማላችሁ?» አልኋት። «አዎ፣ በጽሑፍ» አለች። በጽሑፍ! ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሳይተያዩ፣ ሳይካሰሱ፣ አንዱ ተነስቶ «ውሸታም!» ሳይል የሚፈረድበት ሸንጎ እኔ አላየሁም።

የልጅ ልጄ ደረሰኙን፣ የወንበሩን ፎቶ፣ የስልክ ጥሪዎቹን ቀን፣ «ሦስት ሽማግሌዎች በአካል ሄደው ጠይቀዋል» የሚለውን ቃልና «ወንበሩን መጥታችሁ ውሰዱ» ብለን ለሱቁ የጻፍነውን አያይዛ ላከች። በሰባተኛው ሳምንት መልስ መጣ። 1,149 ዶላሩ ከሒሳባችን ተፋቀ። ሻጩ አንድም ወረቀት አላቀረበም አሉ።

ቤተሰቡ እልል አለ። እኔ አኮረፍሁ። «ምን ሆኑ አባባ? አሸነፉ እኮ!» ትላለች። አሸነፍሁ? ማንን? ማን ይቅር በሉኝ አለ? ማን ድንጋይ ተሸክሞ ፊቴ ቆመ? እኔ ስሸመግል ገንዘቡ ቢጎድልም ሰው ስሞ ይለያያል። ይህ ፕላስቲክ ገንዘቡን ሳንቲም ሳያጎድል መለሰ፤ እርቅ የሚባል ነገር ግን ከነመኖሩም አያውቅም። ባለፈው ሳምንት በሱቁ በር ሳልፍ ያ ሻጭ በመስታወቱ ውስጥ አይቶኝ እጁን አውለበለበና ወጣ። ልቤ ዘለለ፤ «አሁን እንነጋገራለን» አልሁ። «ጓደኛዎ ፍራሹ ተስማማቸው?» አለኝ። የተጣላሁት ሰው መጣላታችንን አያውቅም!

ወንበሩን ሊወስድ የመጣ የለም። አሁንም ሳሎኔ ነው። ይህንንም የምጽፈው እሱ ላይ ሆኜ፣ በግማሽ ተነስቼ ነው። ተጣምሞም ቢሆን በነጻ የሚያስቀምጥ ወንበር ይጣላል እንዴ?

ትናንት ማታ የጎረቤቴ ልጅ እያለቀሰች መጣች። ለእህቷ ሠርግ አዳራሽ የሚያስጌጥ ሰው 600 ዶላር ተቀብሎ በሠርጉ ቀን ቀርቷል፤ ስልክም አያነሳም። እንደ ድሮዬ ቡና አስፈላሁላት፣ «አይዞሽ» አልሁ፣ ከዘራዬን አስተካከልሁ። ከዚያ ዕድሜ ልኬን ለተበዳይ ጠይቄው የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቅኋት።

«ልጄ፣ በምን ከፈልሽው?»

አንገቷን ደፋች። «በስልክ ላክሁለት ጋሼ። ያገራችን ልጅ ነው ብዬ...»

በካርድ አይደለም! በዚህኛው ፕላስቲኩ አይገባበትም ማለት ነው። ልጅቱ እንዳትታዘበኝ ፊቴን አጠቆርሁ እንጂ ውስጤ እልል ብሏል። ወንበሩም በዚያች ሰዓት እያጓራ ሙሉ በሙሉ አቆመኝ። ስልኬን አንስቼ ደወልሁ።

«ሻለቃ! ከዚያ ፍራሽ ላይ ውረድና ጋቢህን ደርብ። ሥራ ተገኘ!»