ጋሼና መሪ የሌላት አውሮፕላን

በረራ የሚፈራ ሰው የሚፈራው ሰማዩን ነው። አውሮፕላን መሬት እስካልለቀቀች ድረስ ምን ታመጣለች ባይ ነበርኩ፤ ከጋሼ ጋር አንድ ቅዳሜ እስከምውል ድረስ።

ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የዲሲ-3 አውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ቨርጂኒያ ልጆቻቸው ዘንድ ከመጡ ወዲህ ቡና ተፈልቶ ከተቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ 1938 ዓ.ም. ይደርሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ካይሮ የገባው፣ ከጦርነቱ ከተረፉ የአሜሪካ ሲ-47 አውሮፕላኖች በአንዷ ነው። ሲ-47 ወታደር ቤት የገባች ዲሲ-3 ናት። ጋሼ ያኔ ገና ሕፃን ነበሩ፤ ሲያወሩት ግን ሞተሯን ራሳቸው ያስነሱ ይመስላሉ።

ልጆቻቸው ለልደታቸው ያሰቡት ስጦታ ታዲያ ካልሲና ሹራብ አልነበረም። ቅርባችን ባለች ትንሽ አየር ማረፊያ በሚደረግ የአየር ትርዒት ላይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ በቢ-25 አጭር በረራ ገዙላቸው። ትልቋ ልጃቸው ደወለችልኝና «ብቻቸውን አይሆንም፣ አብረሃቸው ውጣ፤ ያንተንም ከፍለናል» አለችኝ። የተከፈለበትን ነገር እንቢ ማለት ይከብዳል።

ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከራባታቸውን አስረው መጡ። ሌላው ሰው አውሮፕላኗ አፍንጫ ላይ በተሣለው ሥዕል አጠገብ ፎቶ ሲነሳ፣ እሳቸው በርከክ ብለው የፊት ጎማዋን ያያሉ።

«ይቺ መሪ የላትም» አሉኝ።

«ውስጥ ያየሁት ክቡ ነገርስ ምንድን ነው?»

«እሱ ለሰማይ ነው። መሬት ላይ ብታሽከረክረው ክንፉ ላይ ያለውን ያንቀሳቅስልሃል እንጂ ጎማው አይሰማህም። ጎማው እንደልቡ የሚዞር ነው። የሚታዘዘው ከኋላ ያሉትን ሁለቱን እግሮች ነው።»

አብራሪው በምን ይነዳታል ብዬ ጠየቅኩ። ጋሼ የገበሬ ልጅ ናቸውና ትምህርቱን ከእርሻ ጀመሩልኝ። ጥማድ በሬ ወደ ግራ የሚዞረው ግራውን ያዝ፣ ቀኙን ነዳ ሲያደርጉት ነው። እዚህም የግራውን ፍሬን ረገጥ፣ የቀኙን ሞተር ነዳጅ ጨመር ነው። ልዩነቱ እያንዳንዱ በሬ 1,700 የፈረስ ጉልበት ያለው መሆኑ ብቻ ነው። ፍሬን ላይ ብቻ የተመካ ግን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የተፈለገ ዕለት አይገኝም። ስለዚህ ጥሩ አብራሪ በሞተር ይዞራል፣ በፍሬን ያርማል።

«ዲሲ-3 ከዚህች ትብሳለች» ብለው ቀጠሉ። በዲሲ-3 የሚዞረው ጎማ ጅራቷ ሥር ነው። የቢ-25 ክብደት ከዋናዎቹ ጎማዎች ፊት ስለሚያርፍ፣ ከተዋት ቀጥ ማለት ትወዳለች። የዲሲ-3 ክብደት ግን ከኋላቸው ነው፤ አንዴ መዞር ከጀመረች ጅራቷ ይገፋፋታል፣ ዙሩም እየጠበበ ይሄዳል። «ማዞር ማንም ያዞራል። ሳትጨርስ ቀድመህ በተቃራኒው መያዝ ነው ጉዱ።» ለማኮብኮብና ለማረፍ የጅራቱን ጎማ በማንሻ ይቆልፉታል፤ ለመዞር ይፈቱታል። ነፋስ ከግራ ሲመጣ ትልቁን ጅራቷን ገፍቶ አፍንጫዋን ወደ ግራ ይመልሳታል፤ ያኔ የግራውን ሞተር ከፍ ማድረግ ነው። አብራሪው ይህን ሁሉ የሚያደርገው ተሳፋሪው ቀበቶውን እየፈለገ፣ ገና ምንም አልተጀመረም ብሎ በሚያስብበት ሰዓት ነው።

በሆዷ በኩል ባለች መሰላል ወጥተን ከአብራሪዎቹ ጀርባ ተቀመጥን። ሞተሮቹ ተነሱ። ጆሮ ይደፍናል። ተንቀሳቀስን፤ ወዲህ ሸፈፍ፣ ወዲያ ሸፈፍ፣ ፍሬኑ ሲጢጥ እያለ። ጋሼ የአብራሪውን እግር እንጂ መስኮቱን አላዩም።

ወደ ማኮብኮቢያው በሚወስደው መንገድ ጠበቅ ያለ ዙር ላይ ሳለን፣ ለስላሳ መጠጥ የጫነች የጎልፍ ጋሪ ፊታችን ገባች። አብራሪው ሁለቱንም ፍሬን ረገጠ። አውሮፕላኗ ተንገጫግጫ ቀጥ አለች። ጋሪዋ አለፈች፤ ሹፌሯ እጁን እንኳን አውለብልቦልናል።

«አለቀ» አሉ ጋሼ በጆሮዬ።

የቆምነው በመዞር ላይ ሳለን ነው። እንዲህ ዓይነቷን አውሮፕላን ከማቆም በፊት ጥቂት ቀጥ አድርጎ መንዳት ያስፈልጋል፣ የፊት ጎማው እንዲቃና። የእኛ ጎማ ወደ ጎን ተጋድሞ ቀረ። ከዚያ ለመውጣት አንዱን ሞተር በኃይል መስጠት ነው፤ ከኋላችን ደግሞ ድንኳን፣ ወንበርና ቋሊማ የሚጠብስ ሰው አለ። አብራሪው ጥቂት ነዳጅ ሞከረ። ሁለት ጥላ ወደ አጥሩ በረረ። ሞተሮቹ ጠፉ።

ወረድን። መጎተቻ ዘንግ ተፈለገ፤ የመጣው የሌላ አውሮፕላን ሆነ። በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበው ሊገፉ ከጀሉ፤ ባዶዋን ወደ 9 ቶን የምትጠጋ ነገር፣ ጎማዋ ተጋድሞ። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ አሸከሙኝና መሃል ገቡ። አንዱን ወጣት ከውልብልቢቱ አጠገብ በክንዱ ይዘው አራቁት፤ የጠፋ ሞተር ውልብልቢት አይታመንም። ሌላውን የፊት እግሩን በር እንዳይደገፍ ከለከሉት። ማን እንደሾማቸው የጠየቀ አልነበረም። ትክክለኛው ዘንግ ደርሶ ጎማው እስኪቃና ድረስ ደመናው ወርዶ በረራው ተሰረዘ።

ልጃቸው ደወለች። «አባዬ፣ እንዴት ነበር?»

«መሬቱን ጨርሰናል፣ ሰማዩ ነው የቀረው» አሉ።

የትኬት ኃላፊዋ ይቅርታ ጠይቃ፣ ገንዘባችሁ ይመለስ ወይስ ሌላ ቀን ትመጣላችሁ አለች። ለገንዘቡ አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ። «እንመጣለን። በረራውን እሱ ይውሰድ» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እኔ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ ድረስ ብቻ ልሂድ። እዚያ አውርዱኝ፤ መመለሻዬን በእግሬ እመጣለሁ።»

ሴትዮዋ ይህ በትኬት ዓይነት ውስጥ የለም አለች። ጋሼ አለቃሽን ጥሪልኝ አሏት።