ካሜራ ተሰቅሎ ሰው እንዲወድቅ ማድረጊያ አምስት መንገዶች

በካሜራ የሚያይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎችን ከአደጋ ይጠብቃል ተብሎ ወደ ሳይት እየገባ ነው። ሲንጋፖር ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጡ ግንባታዎች ካሜራ እንዲተክሉ አስገድዳለች። ሆንግ ኮንግም በ2023 እ.ኤ.አ. በትላልቅ የመንግሥት ግንባታዎች ላይ ዘመናዊ የደኅንነት ሥርዓት እንዲዘረጋ ደንግጋለች። ነገ እኛም ጋ መምጣቱ አይቀርም። ገንዘቡን አውጥቶ ሰው ማትረፍ ለማይፈልግ ተቋራጭ መንገዱ ይኸው፤ የምዘረዝረው ማንም እንዳይሄድበት ነው።

1. መከለያውን ትታችሁ ካሜራውን ግዙ። የሶሌታው ጠርዝ ባዶውን ይቆይ፤ የአሳንሰሩ ጉድጓድም አይሸፈን። ሠራተኛው ወደ ጠርዙ ሲጠጋ ማሽኑ ይጮኻል። ከ15 ሜትር የወደቀ ሰው ግን መሬት ለመድረስ 2 ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። የደኅንነት ባለሙያዎች አደጋውን ከምንጩ ማስወገድን አንደኛ፣ ሄልሜትን መጨረሻ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

2. ሄልሜት ብቻ አስቆጥሩ። ሄልሜትና አንጸባራቂ ሰደርያ ለካሜራ ቀላል ናቸው። በአሜሪካ ግንባታ ላይ ብዙ ሰው የሚገድሉት ግን መውደቅ፣ በዕቃ መመታት፣ በኤሌክትሪክ መያዝ፣ በማሽን ወይም በተናደ አፈር መሀል መቀርቀር ናቸው፤ መውደቅ ደግሞ ሁሉንም ይበልጣል። ግድግዳው ሳይደገፍ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚቆፍር ሰው ሄልሜት ካደረገ፣ ሪፖርቱ «መቶ በመቶ» ይላል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ደረት ላይ ሲናድ ሄልሜት ምን ያደርጋል?

3. ካሜራውን እንደመጣ ስቀሉት። በብረት መወጣጫ ምስሎች የተማረ ማሽን በሚስማርና በገመድ የተያያዘ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ሊሳሳት ይችላል። የእኛን ሳይት፣ ሻሽ አስራ ባሬላ የምትሸከመውን ሴት ጭምር፣ አታሳዩት። አቧራ ሌንሱን ሲሸፍነውም ማንም አይጥረገው።

4. ማንቂያው ቢሮ ላለው አለቃ ስልክ ብቻ ይሂድ። ይህ ከሁሉም ይከፋል። የሙሌት ቀን ነው እንበል፤ ሚክሰሩ ይዞራል፣ ሠራተኛው ተሰልፏል፣ አርማታው አይጠብቅም። የታችኛው ድጋፍ ማዘንበሉን ሥርዓቱ አስጠነቀቀ። ፎርማኑ ሥራ የማስቆም ሥልጣን ስለሌለው ይደውላል፤ አለቃው ስብሰባ ላይ ነው። ከሶሌታው በታች ያሉት ሰዎች ምንም አልሰሙም። ማሽኑ በትክክል አይቷል፤ ያየውን ወደ «ውጡ!» የሚለውጥ ሰው ግን አልተሾመም።

5. በምስሉ ደመወዝ ቁረጡ። የተቀጣ ሠራተኛ ካሜራው ፊት ሄልሜቱን ያጠልቃል፣ ሲያልፍ ያወልቃል። ለጥቂት ሲተርፍም ዝም ይላል። ለጥቂት የተረፈበት ታሪክ ግን ነገ የሚሞተውን ሰው ሊያተርፍ የሚችል መረጃ ነው። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መከላከያ መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ካሜራ ግዴታውን ወደ ቀን ሠራተኛው ኪስ አያዞርም።

ቴክኖሎጂውን አልጠላሁትም፤ ኤክስካቫተር ወደ ኋላ ሲሄድ ሾፌሩ የማያየውን ሰው ሊያይ ይችላል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን የመከለያው፣ የደኅንነት ቀበቶውና የጉድጓድ ድጋፉ ገንዘብ ቀድሞ ይውጣ። ማንቂያው ሲጮኽ ከሁሉ በታች ያለው ሠራተኛ «አቁሙ» ማለት ይችል፤ የቆመበት ሰዓትም ይከፈለው። ይህን ለመፍቀድ ያልተዘጋጀ ተቋራጭ ካሜራውን አይግዛ፤ የግንባታ ፈቃድ ሰጪውም ካሜራ ስላለው ብቻ አይመነው።