ፉሺያን በብርድ ለመግደል አጭር መመሪያ

ብርድ ቻይዋን ፉሺያ መግደል እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ፉሺያ ማጄላኒካ የደቡብ ቺሊና የአርጀንቲና ተወላጅ ናት፤ ነፋሱ እስከማያርፍበት እስከ ቲዬራ ዴል ፉዌጎ ድረስ ትበቅላለች። በምዕራብ አየርላንድ፣ ኬሪና ኮርክ ውስጥ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ ሳያያት የመንገድ ዳር አጥር ሆናለች። ውርጭ ግንዷን እስከ አፈሩ ቢያደርቀውም ከሥሯ መልሳ ታቆጠቁጣለች። እንግዲህ ብርዱ ብቻውን ይጨርሳታል ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያዋጣም፤ ብርዱ አጋዥ ይፈልጋል።

ለእንግሊዝ አትክልተኛ አጋዥነቱ ከገበያ ይጀምራል። ከ1899 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትታወቀው ሚስስ ፖፕልና በኤዲንብራ አቅራቢያ የተገኘችው ሪካርቶኒ ውጭ ማደር የለመዱ ናቸውና ሁለቱንም ማለፍ ነው። ከተንጠለጠለ ቅርጫት ቁልቁል የሚንዠረገጉት፣ አበባቸው ትልልቅና ድርብርብ የሆነው ዓይነቶች ግን አብዛኞቹ ውርጭ አይችሉም። መግለጫውን ሳያነቡ ከእነዚህ አንዷን ይዞ መውጣት ብዙ ድካም ያቀላል።

ቀጥሎ አተካከል። ጠንቃቃ ሰው ውርጭ ካለፈ በኋላ፣ በግንቦት መጨረሻ ግድም ይተክላል፤ በሞቃቱ ወራት ሥሯን ሰድዳ ብርዱን ደርጅታ ትቀበላለች። ገዳይ ግን ጥቅምትን ይጠብቃል። ጠንቃቃው ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጎ የግንዱን ታችኛ ክፍል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ያለብሰዋል፤ ላይኛው ሁሉ ቢሞት አዲሱ ቀንበጥ የሚነሣው ከዚያ ነውና። ስለዚህ ላይ ላዩን መትከል! ቦታውም ውሃ የሚያቁር ዋልካ ቢሆን ይመረጣል፤ ብርድና እርጥበት ሲተባበሩ ሥር ያበሰብሳሉ። መሬት የሌለው ሰውም አይዘን። በትንሽ ማሰሮ ተክሎ በረንዳ ላይ መርሳት ይበቃዋል፤ መሬት ውስጥ ያለውን ሥር ውርጭ ከላይ ብቻ ሲደርስበት የማሰሮውን በየጎኑ ይከበዋል።

በመስከረም ናይትሮጂን የበዛበት ማዳበሪያ መጨመርም አይከፋም። ለምለም ቀንበጥ ለውርጭ ይመቻል።

ከሁሉም የተከበረው ዘዴ ግን ጽዳት ነው። ቅጠሉ የረገፈ ቁጥቋጦ ግቢ ያበላሻል፤ ጎረቤትም ያያል። ኅዳር ላይ መቀስ አንሥቶ እስከ መሬት መከርከም፣ ሥሯ ላይ የተከማቸውንም ቅጠል ጠራርጎ መጣል! አሮጌው ግንድ ከውርጭ ይከልላት እንደነበር፣ የረገፈው ቅጠልም ያለ ክፍያ የተገኘ ጉዝጓዝ እንደሆነ የሚናገር ሰው አይጠፋም። መግረዝ ቀንበጡ ብቅ ሲል በጸደይ ነው፣ አበባዋም በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚወጣ ያኔ አጥብቆ ቢቆርጧት አትጎዳም፣ ይላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ግቢው እንዴት እንዳማረ ማሳየት ነው።

ይህን ሁሉ ካለፈች ትዕግሥት ማጣት አለ። በሚያዝያ ሌላው ተክል ሲለመልም እሷ ደረቅ እንጨት መስላ ትቆያለች፤ አንዳንዴ እስከ ግንቦት መጨረሻ ብቅ አትልም። አካፋው መምጣት ያለበት በሚያዝያ ነው።

አካፋውም ካልቻላት ከውጭ አገር ቁራጭ በሻንጣ ደብቆ ማስገባት ይቀራል። ከደቡብ አሜሪካ የተነሣ፣ በዓይን የማይታይ የፉሺያ ተባይ አለ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ፣ በ2007 እንግሊዝ ታይቷል። የቀንበጡን ጫፍ አሳብጦና አጨማድዶ አበባ ይነሣል። ከዚያ ቁራጭ ለጎረቤትም ማካፈል ነው፤ ንብና ነፋስ ተባዩን እስኪያደርሱለት ለምን ይጠብቃል?